ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ግሥ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ረን» የሚባል አጭር ግሥ አለ፤ ቋንቋውን መማር የጀመረ ሕፃን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት «ሮጠ» ማለት ነው ብሎ ያጠናዋል። መምህሩም አልዋሸም። ነገር ግን ያው ልጅ አድጎ የእንግሊዝ ጋዜጣ በገለጠ ጊዜ አፍንጫ ሲሮጥ፥ ወንዝ ሲሮጥ፥ ሞተር ሲሮጥ፥ የጨርቅ ቀለም ሲሮጥ፥ ነጋዴም ሱቁን ሲያሮጥ ያገኛልና ግራ ይገባዋል። ባማርኛ አፍንጫና ወንዝ ይፈሳሉ፥ ሞተር ይሠራል፥ ቀለም ይለቃል፥ ሱቅም ይተዳደራል።

የዚህ ግሥ ፍቺ በሰፊው ተዘርዝሮ የሚገኘው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በሚባለው ታላቅ ሥራ ነው። ይህ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1857 ዓመት ታስቦ፥ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታትሞ፥ በ1928 ተፈጸመ፤ ዋናው አዘጋጅ ጄምስ መሬይ ግን ፍጻሜውን ሳያይ በ1915 ዐረፈ። በዚያ እትም ከሁሉ ይልቅ ረጅም ሐተታ የተሰጠው «ሰት» ለሚባለው፥ «አኖረ፥ አስቀመጠ» ለማለት ለሚሆነው ግሥ ነበረ። በኋላ መዝገቡ እንደ ገና ሲታደስ ፒተር ጊሊቨር የሚባል ሊቅ «ረን»ን ተረክቦ ዘጠኝ ወር ያህል ደከመበት፤ በ2011 ዓመት እንደ ተነገረውም ለዚህ ግሥ 645 ፍቺ አገኘለት። ለብዛቱም አንዱ ምክንያት የመኪና ዘመን ነው፤ ለባቡር፥ ለሞተር፥ ኋላም ለኮምፒዩተር ሥራቸውን የሚናገር ቃል ባስፈለገ ጊዜ ይህ አሮጌ ግሥ ተጠርቶ አገለገለ።

ይህ ቍጥር ከተነገረ ወዲህ ብዙ ሰዎች እንደ ተአምር ያወሩታል፤ የእንግሊዝኛን ባለጠግነት ለመመስከር፥ የሌላውንም ቋንቋ ድኽነት ለማሳየት የሚጠቅሱት አይጠፉም። ይህ ግን የመዝገብን ሥራ አለማስተዋል ነው። ፍቺ እንደ በግ በበረት ቆሞ አይቈጠርም፤ የሚከፍለው የሊቁ ቢላዋ ነው። የወንዝ መሮጥና የእንባ መሮጥ አንድ ፍቺ ናቸው ወይስ ሁለት? አንዱ ሊቅ ያዋሕዳቸዋል፥ ሌላው ይለያቸዋል፤ ሁለቱም ምክንያት አያጡም። ስለዚህ በ645 ውስጥ የቋንቋው ሀብት ብቻ ሳይሆን ያዘጋጁ ትዕግሥትም ተቈጥሮአል።

ይህንን ችግር አስቀድሞ በግልጥ የተናዘዘ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1755 ዓመት ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም «ረን»ንና መሰሎቹን ግሦች በስማቸው እየጠራ፥ ፍቺያቸው እጅግ የላላ ስለ ሆነ ድካሙን እንዳበዙበት ይናገራል፤ ቋንቋው ሕያው ሳለ እነርሱን በመጽሐፍ መወሰንም ዐውሎ ነፋስ የሚያናውጠውን ዱር በውሃ ላይ ከሚታየው ጥላው እንደ መሣል መሆኑን በምሳሌ ያስረዳል። ከ250 ዓመት በኋላ የመጣው የኦክስፎርድ ሐተታ በማስረጃ ብዛት እጅግ ይበልጠዋል። የሥራውን ወሰን ለአንባቢ በመንገር ግን የጆንሰን አንዲት አንቀጽ ትበልጣለች፤ ቍጥሩን የሚያወሩ ሰዎች እርስዋን ባነበቡ ኖሮ ድምፃቸው ዝቅ ባለ ነበር።

አማርኛ ተናጋሪም ከመደነቁ በፊት የገዛ ቃሉን ቢመረምር ይገባዋል። «መታ» የሚለውን ይመልከት። ከበሮ ይመታል፥ ሚስማር ይመታል፥ ዕንቍላል ይመታል፥ ጡብ ይመታል፤ ሰብልን ውርጭ፥ ሰውን ምች ይመታዋል። «ጡብ መታ» ሲባል የሚነገረው መደብደብ ሳይሆን መሥራት ነው፤ በ«ምች መታው»ም የመታው እጅ አይታይም። «አለ»ማ «ዝም አለ፥ ብድግ አለ፥ ቅር አለው» እየተባለ ቢዘረዘር ዘጠኝ ወር የሚበቃው አይመስልም።

ሐተታው እጅግ የሚጠቅመው ተርጓሚን ነው። ለምርጫ የቀረበ ሰው በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ይሮጣል»፥ በእንግሊዝ አገር ግን «ይቆማል» ይባላል፤ ያማርኛ ተርጓሚ ሩጫውንም መቆሙንም ትቶ «ተወዳደረ» ሊል ይገባዋል። እንዲሁም በ1611 ዓመት በታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ በመዝሙረ ዳዊት፥ በእነርሱ ቍጥር በ23ኛው፥ በግዕዙ በ22ኛው፥ ስለ ዘማሪው ጽዋ የተነገረው ግሥ ይኸው «ረን» ነው። የሕፃንነት ትምህርቱን ብቻ የያዘ ተርጓሚ ጽዋውን ያሮጠዋል። ወደ ዕብራይስጡ የተመለሰ ግን በዚያ ስፍራ ሩጫ የሚባል ነገር ፈጽሞ አያገኝም፤ ያለው ቃል ከግዕዙ «ረወየ» ጋር የሚዛመድ፥ ጠጥቶ መርካትንና ሙላትን የሚናገር ነው።