ስለ «ብሮድባንድ» ትርጉም

በምሽት ጭፈራ ስሙ በገነነው ውቤ በረሃ «ባንድ» ቢባል ሰው የሚያስበው የሙዚቃ ጓድ ነው። በመገናኛ ሙያ ግን ባንድ ማለት ከአንድ የሞገድ ድግግሞሽ እስከ ሌላው ያለው ወርድ ነው። እንግዲህ ብሮድባንድ በቃሉ «ሰፊ ወርድ» እንጂ «ፈጣን» ማለት አይደለም።

ለንግግር የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ወርድ ይበቃዋል። ኤዲኤስኤል የሚባለው ዘዴ ግን በዚያው የመዳብ ሽቦ እስከ 1,100 ኪሎኸርዝ ገደማ ይጠቀማል። ንግግሩና ኢንተርኔቱ ሳይጋጩ በአንድ ሽቦ የሚጓዙትም የየራሳቸው ወርድ ስላላቸው ነው።

ብሮድባንድን በፍጥነት ብቻ የሚፈቱ ሰዎች ፍቺያቸው አይጸናላቸውም። የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ደንበኛው ለሚወርደው መረጃ ዝቅተኛውን ልክ በሴኮንድ 25 ሜጋቢት አደረገ፤ በ2024 ወደ 100 ከፍ አደረገው። ሽቦው ሳይለወጥ ስሙ ተነጠቀ ማለት ነው።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። የመዳብ ሽቦ በረዘመ መጠን ከፍተኛዎቹ ድግግሞሾች ይደክማሉ፤ የሚሠራውም ወርድ ይጠባል። ስለዚህ ከስልክ ማዞሪያው አጠገብ ያለ ቤትና ከሩቅ ያለ ቤት እኩል ከፍለው እኩል ላያገኙ ይችላሉ። ገዢውም ስሙን ሰምቶ ከመዋዋል፣ ከቤቱ የሚደርሰውን ልክ በቁጥር ቢጠይቅ ይበጀዋል።