የአባት ስም የጸሐፊ ስም አይደለም

ምንጭ መጥቀስ ከሁሉ በፊት ባለቤቱን ማመስገን ነው። ይህን ሐሳብ ከእገሌ አገኘሁት፣ መጽሐፉ በዚህ ዓመት ታተመ፣ የተጠራጠረ ሄዶ ይመልከት ማለት ነው። የጥናት አጻጻፍ መመሪያዎች ከነነጥባቸውና ከነነጠላ ሰረዛቸው የተዘጋጁት ለዚህ አገልግሎት ነው። መመሪያው እገሌን ትቶ የእገሌን አባት ሲያመሰግን ግን የቆመለትን ዓላማ ይስታል።

ሄግ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ነገሩ ጎልቶ ይታያል። ተቋሙ በ1952 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ ኢትዮጵያውያንም ሲማሩበት ኖረዋል። የማስተርስ ተማሪ ትምህርቱን የሚጨርሰው የጥናት ጽሑፍ አቅርቦ ነው። ስለ አገሩ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደውን የኤ.ፒ.ኤ. ሥርዓት ቃል በቃል ከተከተለ፣ ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.» ይሆናሉ። ታደሰ ታምራት «ታምራት፣ ታ.» ይሆናሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሯ ዘነበወርቅ ታደሰ ደግሞ «ታደሰ፣ ዘ.» ተብለው ይመዘገባሉ።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት «ታደሰ እንደጻፉት» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ታደሰ ታምራትን ነው፤ እዚህ ግን «ታደሰ» የዘነበወርቅ አባት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በአንድ ጽሑፍ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሲጠቀስ ለሁለት ይከፈላል። ሴት ምሁር የደከመችበት ሥራ በወንድ ስም ይመዘገብና ለእርሷ አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ይተርፋታል። ስህተቱም በተማሪው ወረቀት ላይ አይቀርም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አምስተርዳም የሆነው ኤልሰቪየር በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋመውን ስኮፐስን የመሳሰሉ ማውጫዎች ማን ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብለው ይቆጥራሉ፤ ለሁለት የተከፈለ ስም ቆጠራውንም ለሁለት ይከፍለዋል።

ዓመቱም እንደዚያው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። «ዓ.ም.» ተዘልሎ ቅንፍ ውስጥ «1958» ብቻ ከተጻፈ፣ የውጭ አንባቢ በራሱ አቆጣጠር ይወስደዋል። ያኔ ልብ ወለዱ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ማለትም በዲሴምበር 1960 እ.ኤ.አ. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከሙከራው አምስት ዓመት ገደማ በኋላ መውጣቱ ነው። ስለ ባላባትና ጭሰኛ የተጻፈን ልብ ወለድ ከዚያ ታኅሣሥ በፊት እንደ ወጣ ማንበብና ከዚያ በኋላ እንደ ወጣ ማንበብ የተለያዩ ንባቦች ናቸው።

«ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ለእያንዳንዱ አገር ልዩ ሕግ አይወጣም» የሚል መልስ ይሰማል። ሆላንዶች ራሳቸው ግን ለስማቸው ልዩ ሕግ አላቸው፦ ቫን ደን በርግ የተባለን ሰው በአገራቸው ዝርዝር የሚፈልጉት በ«ቫን» ሳይሆን በ«በርግ» ሥር ነው። ከዚህም የሚበልጥ ምስክር የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። «ኢራስመስ» የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የሰውየው የክርስትና ስም ነው፣ «ሮተርዳም» ደግሞ አገሩ። «ሮተርዳም፣ ኢ.» ብሎ የሚጠቅሰው ግን የለም። ይህ ሰው በ1500 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ባሳተመውና እስከ ዕለተ ሞቱ ከአራት ሺህ በላይ ባደረሰው የምሳሌያዊ አነጋገሮች መድብሉ፣ እያንዳንዱ አባባል ከየትኞቹ የጥንት ደራስያን እንደ ተገኘ ሲያመለክት የኖረ ነው። ለእርሱ የተፈቀደው ለባሕሩ የማይፈቀድበት ምክንያት የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ባሕሩ ዘውዴን የመዘገበው ሳይገለብጥ፣ በ«ባሕሩ» ነው።

በእኛ በኩልም የሚታረም አለ። የአንድምታ መምህር ጥቅሱን አምጥቶ «እንዲል» ብሎ ያልፋል፤ ደቀ መዝሙሩ ቃሉን በቃሉ ስለሚያውቅ ምንጩ አይጠፋውም። ያ ልማድ በአደባባይ መጽሐፍ ላይ ሲመጣ ግን «አንድ ምሁር እንዳሉት» ይሆናል፤ ምሁሩ ማን፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ እንዳሉት አንባቢ አያገኘውም። ስማችን በትክክል ይጠቀስልን የምንል ሰዎች የሌላውን ስም መሰወር አያምርብንም።

ተማሪው መመሪያውን መጣል አያስፈልገውም። የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ ሙሉውን ይጻፍ፤ በአማካሪው ፈቃድም ምክንያቱን በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ያስረዳ። ዓመቱን «1958 ዓ.ም. (1965/66 እ.ኤ.አ.)» ብሎ ያስቀምጥ። በዞቴሮ የሚሠራ ከሆነ ስሙን ለሁለት ሳይከፍል በአንድ ሳጥን ማስገባት ይችላል። ውጭ ኖሮ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የተቀበለ ጸሐፊ ካለ ደግሞ እንደ ፈቃዱ ይጠቀስ፤ መለኪያው ጸሐፊው ራሱን የጠራበት መንገድ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል ሕዝብ ልጅ፣ መልአኩ ያወጣውን ስም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲገለብጠው ዝም ብሎ ማየት የለበትም።