ሐሳብና ግጭት በአየን ራንድ ልቦለድ

አየን ራንድ (1905–1982 እ.ኤ.አ.) በሩሲያ ተወልዳ በአሜሪካ የጻፈች፣ የራስን ጥቅም መከተል በጎ ምግባር ነው ብላ የተሟገተች ደራሲና ፈላስፋ ናት። በ1957 እ.ኤ.አ. በታተመው «አትላስ ሽረግድ» ጆን ጎልት በሬዲዮ የሚያሰማው እጅግ ረጅም ንግግር የታሪኩን ፍሰት ይገታል። የከፋው ድክመት ግን በገጸ ባሕርያት አሣሣል ላይ ይገኛል። የጎልት ተቃዋሚዎች ከጅምሩ ሰነፎችና ምቀኞች ሆነው ስለቀረቡ ግጭቱ ሳይጀመር ያልቃል። የተጽዕኖዋ ምስጢርም ይኸው ይመስለናል፤ አንባቢ ክርክሩን ሳይመዝን ከጀግናው ጎን ይሰለፋል። ከተከታዮቿ አንዱ የነበረው አለን ግሪንስፓን የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ ከ1987 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መርቷል። በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ወቅትም በአመለካከቱ እንከን ማግኘቱን በአገሩ ምክር ቤት ፊት ተናገረ። ልቦለዱ የነፈገንን ብርቱ ተከራካሪ ገሃዱ ዓለም አቀረበው።