የአራስ ቤትና የአደባባይ ሥራ
(«መርፊ ብራውን» ስለ ተባለው የቴሌቪዥን ድራማ)

ድራማ ያየ ሰው በሁለት ሚዛን ሊመዝነው ይችላል። አንደኛው የጥበብ ሚዛን ነው፤ ይኸውም ነገሩ በደንብ ተጽፏል ወይ፣ ተጫዋቾቹስ ሠምሮላቸዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው የኑሮ ሚዛን ነው፤ ይኸውም ያየነው ነገር በቤታችን ከምናውቀው ኑሮ ጋራ ሲተያይ እውነት ሆኖ ይገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ የጥበብ ሊቅ ስላልሆንሁ ዛሬ የምጽፈው በሁለተኛው ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ሌላውን ስመዝን ግን ራሴ ቀልዬ ስለ ተገኘሁ፣ ይኽንኑም ሳልደብቅ ለመናገር አስቤአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ኮሌጅ የምትማረው ልጄ አንድ የቆየ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ በኮምፒዩተር አምጥታ፣ «አባባ፣ እስቲ ይህን አብረን እንየው» አለችኝ። እናቷም የጀመረችውን ሥራ አስቀምጣ አጠገባችን ተቀመጠች። ሦስታችንም በመጀመሪያ ሳቅን፤ በኋላ ግን አንዳችን ዝም አልን። ዝም ያልሁት እኔ ነበርሁ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

«መርፊ ብራውን» የተባለው ይህ ድራማ ሲ.ቢ.ኤስ. በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1988 እስከ 1998 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት ያህል የታየ አስቂኝ ድራማ ነው። (ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ የማነሣው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) የፈጠረችው ዳያን ኢንግሊሽ ስትሆን፣ ዋናዋን ሴት ሆና የተጫወተችው ካንዲስ በርገን ናት። መርፊ ብራውን በዋሽንግተን ከተማ የምትኖር፣ በዜና ሥራ ስሟ የገነነ፣ ባለሥልጣንን ፊት ለፊት የምታፋጥጥ ጋዜጠኛ ናት። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል። ከቀድሞ ባሏ አርግዛ ትገኛለች፤ እሱ ግን የራሱን ዓላማ ተከትሎ መሄድን ስለ መረጠ፣ ልጁን ብቻዋን ወልዳ ለማሳደግ ትቈርጣለች።

ሕፃኑ የሚወለድበት ክፍል የታየው በሜይ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ፣ ያን ጊዜ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳን ኩዌል በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ንግግር አደረጉ። በዚያው ሰሞን በሎስ አንጀለስ የተነሣውን ብጥብጥ ከቤተ ሰብ መፍረስ ጋራ አያይዘው ሲናገሩ፣ ይህችን ሴት በስም ጠቀሷት። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ ያለ አባት ልጅ ማሳደግን እንደ ማንኛውም የኑሮ ምርጫ አድርጎ ማሳየት የአባትን ዋጋ ማቃለል ነው የሚል ነበር። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በዓለም ላይ የሌለች፣ በብዕር የተፈጠረች ሴት በታላቅ መንግሥት ሹም ተወቀሰች። አገሩም በሁለት ተከፍሎ ብዙ ወራት ተከራከረ።

እኛ ያየነው ክፍል ለዚህ ወቀሳ መልስ ሆኖ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው ነው። መርፊ ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ ተመልሳለች። በአደባባይ ማንንም የማትፈራው ሴት አሁን አንድ ክንድ የማይሞላ ሕፃን አሸንፏታል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ታቅፈዋለች፣ ያለቅሳል፤ ታስተኛዋለች፣ ያለቅሳል። ጠጕሯ ተንጨባሯል፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ቀልቷል። የሥራ ጓደኛዋ ሊጠይቃት ሲመጣ የሚያገኛት እንደ ድሮው አይደለም። ይህ ሁሉ ሲሆን የምክትል ፕሬዚዳንቱን ንግግር በቴሌቪዥን ትሰማለች፤ ይህን ኑሮ ነው ወይ እኔ እንደ ጌጥ አሳየሁ የተባለው ብላ ትደነቃለች።

እዚህ ላይ ድራማው እውነት ተናግሯል። ብዙ ጊዜ ተውኔትም ሆነ ልብ ወለድ እናትነትን ሲያሳየን፣ ሕፃኑ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ ተኝቶ፣ እናቲቱም ፈገግ ብላ ነው። ሌሊቱን ማን ያየዋል? ሴት ልጇን እየወደደች ሊደክማት እንደሚችል፣ ሥራዋንም መናፈቋ ልጇን ከመጥላት የመጣ እንዳልሆነ፣ ይህ ክፍል ያለ ስብከት አሳይቷል። ባለቤቴ ይህን ስታይ ምንም ሳትናገር ራሷን ነቀነቀች። ከብዙ የጋዜጣ ሐተታ ይልቅ የእሷን ነቅናቄ አምናለሁ።

ዳሩ ግን ግማሹ እውነት የሆነ ነገር ግማሹ ጐዶሎ ሊሆን ይችላል። የዚህ ክፍል ሁለተኛ አጋማሽ የሌሊቱን ነገር ትቶ ወደ ጠብ ይዞራል። መርፊ ወደ ሥራዋ ተመልሳ በዜና ዝግጅቷ ላይ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ መልስ ትሰጣለች፤ የቤተ ሰብ ዓይነቱ ብዙ መሆኑን ለማስረዳትም እውነተኛ ቤተ ሰቦችን ለተመልካች ታስተዋውቃለች። በመጨረሻም አንድ መኪና ሙሉ ድንች በሹሙ ደጅ ታስደፋለች። ይህም ሚስተር ኩዌል በዚያው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ድንች የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል ጨምሮ እንዲጽፍ አንድ ተማሪ ስላዘዙ፣ በዚያ ስሕተታቸው ለመቀለድ ነው። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ድራማውም ያበቃል።

እኔም ሥቄአለሁ፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። ድንቹ ተደፋ፤ ሹሙ ተዋረደ፤ ነገር ግን ሕፃኑን በዚያች ሌሊት ማን ያዘው? ክርክሩ ስለ ቤተ ሰብ ስም ነበር፤ የእናቲቱ ችግር ግን ስም አልነበረም። የጐደላት ጊዜና አጋዥ እጅ ነበር።

ይህን የምለው በባዶ አይደለም። ድራማው በታየ በማግሥቱ፣ በሴፕቴምበር 22 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የቤተ ሰብና የሕክምና ፈቃድ የሚባለውን ረቂቅ ሕግ አልፈርምም ብለው መለሱት። ሕጉ ይሰጥ የነበረው ምን ነበር? ልጅ የወለደ ወይም የታመመ ቤተ ሰብ የሚያስታምም ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ዕረፍት ወስዶ ወደ ሥራው እንዲመለስ ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን ቀጣሪው በፈቃዱ ይስጥ እንጂ በሕግ መገደድ የለበትም አሉ። ሕጉ የጸናው በሚቀጥለው ዓመት፣ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1993 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሲፈርሙበት ነው። እንግዲህ በአንድ ሰሞን አገሩ ሁሉ ስላልኖረች እናት ሲከራከር፣ ለኖሩት እናቶች የታሰበው 12 ሳምንት በጸጥታ ወደቀ። ድራማው ከዚህ ላይ ቢያነጣጥር ኖሮ፣ ሳቁ ቢያንስም ጥቅሙ ይበዛ ነበር።

ለሚስተር ኩዌልም ቢሆን ሚዛኑ እኩል ይሁን። ልጅ አባት ያስፈልገዋል ማለታቸው እውነት ነው። ካንዲስ በርገን ራሷ ከዓመታት በኋላ በዚህ ነጥብ እንደምትስማማ ተናግራለች። ስሕተታቸው የሄደውን አባት ትተው የቀረችውን እናት መውቀሳቸው ነው። በድራማው ውስጥ ዓላማዬ ይበልጥብኛል ብሎ የሄደ ወንድ አለ፤ እሱን ማንም በስም አልጠራውም። ሴት ልጇንም ሥራዋንም ልያዝ ስትል «ራሷን ወደደች» ይባላል፤ ወንድ ልጁን ትቶ ሥራውን ሲይዝ ግን «ሥራ በዛበት» ይባላል። ይህን ሚዛን ማን ሠራው?

የድራማው ትልቅ ጐዶሎ ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ የመጣው ነው። ደራሲዎቹ ሕፃኑንና ሥራውን አንድ ላይ ማስኬድ ሲከብዳቸው መላ ፈለጉ። በመርፊ ቤት ኤልዲን የሚባል፣ ዓመታት ሙሉ ግድግዳ እየቀባ ሥራው የማያልቅለት ቀለም ቀቢ ነበር፤ እሱን ሞግዚት አደረጉት። ነገሩ ያሥቃል፤ ኤልዲንም ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ከመድረኩ እየራቀ ሄደ። መርፊም እንደ ቀድሞዋ ወደ ዜናዋ ተመለሰች። በ2018 ዓ.ም. ድራማው ለአጭር ጊዜ እንደ ገና ሲታይ፣ ያ ሕፃን አድጎ እንደ እናቱ ጋዜጠኛ ሆኖ መጣ። ዘሩን አሳዩን፤ መከሩንም አሳዩን፤ አረሙን ማን እንዳረመው ግን አላሳዩንም። ለአንዲት ወጣት ሴት ሊጠቅማት የሚችለው ደግሞ ይኸው መካከሉ ነበር።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ መካከል አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ እሱም አራስ ቤት ነው። ሴት ስትወልድ እናቷ ትመጣለች፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጐረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷ ብቻዋን አትተውም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በዚህ ቤት ይታያል። መርፊ ብራውን ዝናም ገንዘብም ነበራት፤ ይህ ግን አልነበራትም።

ነገር ግን ይህን ተናግረን ደረታችንን ብንነፋ ሐሰተኞች እንሆናለን። አንደኛ፣ ዛሬ በከተማ እናት ሩቅ አገር ናት፣ ጐረቤትም በሩን ዘግቶ ይኖራል። ሁለተኛ፣ የድሮው አራስ ቤት ለሰውነቷ አሰበ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ትምህርቷን ወይም ሥራዋን እንዴት ትቀጥል ብሎ አልጠየቀም። ሦስተኛ፣ ሸክሙ ከሴት ወደ ሴት ተላለፈ እንጂ ወደ ወንድ አልደረሰም። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋራ ይሰጣል፤ ይህ ከአሜሪካው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሻላል። ለአባት የተሰጠው ግን 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ለእንግዳ መቀበያ ይበቃ ይሆናል፤ አባትነትን ለመማር ግን አይበቃም።

አሁን ዝም ያልሁበትን ምክንያት ልናገር። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴ በማታ ትምህርት የሒሳብ አያያዝ ትማር ነበር፤ ለመጨረስ የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነው። እኔ በሰው ፊት በትምህርቷ እኰራ ነበር። ሌሊት ሕፃኗ ስታለቅስ ግን፣ «ነገ ሥራ አለብኝ» ብዬ ትራሴን ይዤ ወደ ሣሎን እሄድ ነበር። እሷም ነገ ሥራ እንዳለባት፣ ማታም ፈተና እንዳለባት አልታሰበኝም። ሦስት ወር እንዲህ ከሆነ በኋላ ደብተሮቿን በካርቶን አድርጋ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠቻቸው። አልከለከልኋትም፤ ነገር ግን አንድ ሌሊት እንኳ ሕፃኗን ተቀብያት አላውቅም። ሰው ሳይከለክል ሊከለክል እንደሚችል ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ድራማው ሲያልቅ ልጄ ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ አንቺ ትምህርትሽን ለምን አልጨረስሽም?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና፣ «ጊዜ አልበቃኝም ነበር፣ ልጄ» አለች። አላሳጣችኝም። በዚያች ቅጽበት ሚስተር ኩዌል የፈለጉት አባት በቤቱ ውስጥ ነበር፤ በሕጋዊ ጋብቻ፣ በአንድ ጣራ ሥር ነበር። ነገር ግን ሣሎን ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ለልጄ እውነቱን እኔ ነገርኋት፤ ለመናገር ሃያ ዓመት ዘግይቼ ነበር። ባለቤቴ ያን ጊዜ ተነሥታ ሻይ ልታፈላ ሄደች፤ ተከትያት ሄጄ ሲኒዎቹን አጠብሁ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ወንድ ከሆንህ፣ የምታገባት ሴት ምን መሆን እንደምትፈልግ ከሠርጉ በፊት ጠይቃት፤ ልጅ ሲመጣም ያን ቃሏን አስታውስ። በአደባባይ «ሚስቴ ትማር» ማለት ቀላል ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ «ስጪኝ፣ አንቺ ተኚ» ማለት ግን ከባድ ነው፤ ሚዛን የሚደፋውም እሱ ነው። ሴት ከሆንሽ፣ ሁለቱንም ለብቻሽ አሸንፈሽ ለማሳየት አትታበዪ። መርፊ ብራውን በዚያች ሌሊት ያቃታት ደካማ ስለ ሆነች አይደለም፤ የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ስለ ተሰጠ ነው። እርዳታ መጠየቅ ከእናትነትም ከዕውቀትም አያጐድልም።

ደብተሮቹ እስከ ዛሬ በካርቶን ውስጥ አሉ። ባለፈው መስከረም ባለቤቴ አውርዳ አቧራቸውን አራገፈች። ትመዝገብ አትመዝገብ ገና አልወሰነችም፤ ውሳኔው የእሷ ነው። እኔ ግን ከትምህርት የምትመለስበትን ሰዓት ጠይቄ፣ እራት መሥራት መማር ጀምሬአለሁ።