ሳይፈተሽ የሚገባ ሸቀጥ

ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይራገፋል። ሰነዱ ከዕቃው ጋር ይመሳከራል፣ የተጠረጠረው ተከፍቶ ይፈተሻል፣ ቀረጡ ይሰላል። ባለቤቱ ዕቃውን የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። ከሞጆ ጥቂት ነዳ አድርገው አዳማ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ደረቅ ወደብ ያገኛሉ፤ የሐሳብ ደረቅ ወደብ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። የሆቴሎቿ አዳራሾች ያላስተናገዱት የሥልጠና ዓይነት የለም። ትናንት ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን ነበር፤ ዛሬ ዲጂታል ሽግግርና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሠልጣኙ አበሉን ፈርሞ፣ ቦርሳና እስክሪብቶውን ይዞ፣ አዲስ ቃል ተሸክሞ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ይኼኛው ወደብ ግን ፈታሽ የለውም።

ልብ በሉልኝ፣ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይግባ እያልኩ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን የአዳማን ጎረቤት ወንጂን አናውቃትም ነበር። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የከበረ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር ማማተር ግድ ሆነበት። በአዋሽ ዳር ሰፊ መሬት አገኘና በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። እስያ ውስጥ የአንድ ቅኝ ግዛት ዘመን ማብቃት የአንድን ኩባንያ ስልት ለወጠ፤ የኩባንያው ስልት ደግሞ የስምጥ ሸለቆን ሜዳ ወደ አገዳ ለወጠው። የዓለም ነፋስ እኛ ጓዳ የሚገባው እንዲህ ነው።

ዕውቀቱ ከጃቫ መጣ፤ ውኃው ግን የስምጥ ሸለቆ ነበር። ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው በለዘ። ከሠራተኞቹም ወገብና አንገታቸው ደርቆ የጎበጡ አሉ። ማጣሪያ የተተከለው ኋላ ነው። የስኳሩ ዕውቀት ስሕተት አልነበረበትም፤ ስኳሩ ጣፋጭ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሐሳቡ የሚተከልበትን ምድር ውኃ ማን ቀመሰው? በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ተወረሰ፤ የሆላንዱ አለቃ ሄደና የመንግሥት ሥራ አስኪያጅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ካፒታሊዝም ሄዶ ሶሻሊዝም መጣ። አገዳ ቆራጩ ግን ያኔም ጎንበስ ብሎ ይቆርጥ ነበር፤ ዕቅዱንም የሚያወጣው ያው እሱን ያላማከረ ሰው ነበር።

ወደ ሥልጠናው አዳራሽ እንመለስ። ቢፒአርን ያስፋፋው መጽሐፍ፣ ሐመርና ቻምፒ የተባሉ አሜሪካውያን የጻፉት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች በጃፓን ውድድር ተጨንቀው፣ ኮምፒዩተር በየቢሮው ገብቶ፣ አሮጌውን አሠራር አፍርሶ እንደ አዲስ መጀመር የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሐመር ራሱ የሰውን ነገር አቃልዬ አይቻለሁ ሲል አመነ። ይህን ያለው የእኛ መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር ብለው ከመነሣታቸው ከዓመታት በፊት ነው። ደራሲው የተጸጸተበትን ምዕራፍ እኛ በቃላችን አጠናነው ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩና ቃል ማየት ይቀናኛል። ቢፒአር ሲገባ «ባለጉዳይ» ቀርቶ «ደንበኛ» ተባለ። የክፍል ኃላፊውም «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል ማዕረግ አገኘ። ግሩም ቃል ነው! ባለቤት ማለት ግን የሚሸጥ፣ የሚለውጥ፣ እምቢ የሚል ሰው ነው። የእኛ ባለቤት አንዲት ደብዳቤ ለማውጣት የበላዩን ፊርማ ይጠብቃል። ደንበኛም ካልተመቸው ጎረቤት ሱቅ የሚሄድ ሰው ነው። መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው የት ይሄዳል? ከቀበሌው ውጪ ሱቅ የለው! ቃሉ ከገበያ አገር መጣ፤ ገበያው ግን አብሮት አልመጣም።

የግል ድርጅቱም ከዚህ አያመልጥም። በየእንግዳ መቀበያው «ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት» በመስታወት ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። ዱቄት ፋብሪካውም ትራንስፖርት ማኅበሩም ኮሌጁም በዚህ ዓመተ ምሕረት በአፍሪካ ተመራጭ ሆነው ሊታዩ ይመኛሉ። ስሞቹን ብታቀያይሯቸው ማንም አይነቃም። ከታች የቆመውን የጥበቃ ሠራተኛ የድርጅቱ ራእይ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያነብላችኋል።

ካይዘንን እንውሰድ። አቶ መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም. ጃፓንን ጠየቁ፤ በተመረጡ ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ጃፓኖቹም ቢሆኑ ጥራት መቆጣጠርን የተማሩት ከአሜሪካዊው ዴሚንግ ነው፤ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ያስቆማል። የካይዘን ልቡ ይህ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አምስቱን «ማ»ዎች ተማርን፤ ማጣራት ብለን ጀምረን ማዝለቅ ብለን እንጨርሳለን። በጥቂት ፋብሪካዎች መጋዘን ጸድቷል፣ የሚባክን ዕቃ ቀንሷል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን የትኛው ሠራተኛችን ነው መስመሩን አስቁሞ አለቃው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው? ገመዱን ሳናስገባ መጥረጊያውን ብቻ ካስገባን ያመጣነው ካይዘን ሳይሆን ጽዳት ነው።

ነገሩ ሥልጠና ላይ ብቻ ቢቆም ባልጻፍኩ ነበር። ስምጥ ሸለቆን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ለአውሮፓ ገበያ ጽጌረዳ ታበቅላለች። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና የሆላንድን የአበባ ጨረታ ሲያንኮታኩተው፣ ጨረታውን አይታ የማታውቅ ለቃሚ ነገ ሥራ አለኝ ወይ ብላ አደረች። አልፋችሁ ሐዋሳ ስትደርሱ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የአዳማውም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቋል። እኛ ያስገባነው «የኢንዱስትሪ ፓርክ» የሚለውም ሐሳብ ከእስያ የተቀዳ ነው። ልብስ ስፉ፣ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ትገዛችኋለች የሚለው ስሌት አጎዋ በሚባል ሕግ ላይ ቆሞ ነበር። በጦርነቱ ሳቢያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ሐዋሳ የነበረው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ቀኑን እንኳ ሳይጠብቅ ለቅቆ ሄደ። ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩት ልጃገረዶች የት ገቡ? የሞጆን ቀረጥ የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ ሳይፈተሽ የገባን ሐሳብ ቀረጥ የሚከፍለው ግን ስብሰባው ላይ ያልተጠራው ሰው ነው።

እንግዲህ ለሐሳብም የጉምሩክ ሠራተኛ ያሻል ባይ ነኝ። ይህም የመሪው ዋና ሥራ ነው። አዲስ ቃል ይዞ ለመጣ አሠልጣኝ ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት። ይህ ሐሳብ የትኛው አገር፣ በምን ችግር ተወለደ? ያ ችግር እኛ ጋ አለ ወይ? ሲከሽፍ ደግሞ ዕዳውን ማን ይከፍላል? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው አሠልጣኙ አይደለም። ከአዳራሹ ወጥቶ አገዳ ቆራጩን፣ አበባ ለቃሚዋን፣ ልብስ ሰፊዋን መጠየቅ ነው። የአካባቢውን ውኃ የሚጠጡት እነሱ ናቸውና ጣዕሙን ያውቁታል።