ሞቆ መቀዝቀዝ የገደለው ቺፕ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ኤንቪዲያ ለተበላሹ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖች ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታወቀ። ስለ ምክንያቱ የተናገረው ግን ጥቂት ነበር፤ የቺፑ መገጣጠሚያ ቁስ ደካማ ነው ካለ በኋላ፣ ጣቱን ወደ ላፕቶፕ አምራቾች የማቀዝቀዣ አሠራርና ወደ ተጠቃሚው አያያዝም ቀሰረ። ጋዜጠኛው ቻርሊ ዴመርጂያን በዚያው ዓመት ዘ ኢንኳየረር በተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ያወጣቸው ተከታታይ ዘገባዎች ይህንን ድፍን ቃል ፈልቅቀው ለማየት የተነሡ ናቸው።

የዘገባው ትልቁ ዋጋ የብየዳው ትንተና ነው። ሲሊከን ሲሞቅ የሚሰፋው በጥቂቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ግን ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ሁለቱን የሚያያይዙት በዓይን የማይለዩ የብየዳ ነጠብጣቦች ናቸው። ላፕቶፑ ተከፍቶ በሞቀ፣ ተዘግቶ በቀዘቀዘ ቁጥር እነዚህ ነጠብጣቦች ይጎተታሉ። በዙሪያቸው የሚሞላው ሙጫ ጫናውን ሊካፈላቸው ይገባ ነበር። ሙጫው ቺፑ በየቀኑ በሚደርስበት ሙቀት ከላላ ግን ነጠብጣቡ ብቻውን ይቀራል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ይህን ያነበበ ሰው ቺፑን የሚጨርሰው የሙቀቱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁም መሆኑን ይረዳል። ዴልና ኤችፒ በባዮስ ማሻሻያ ፋኑ አብዝቶ እንዲሽከረከር ያደረጉበት ምክንያትም ግልጽ ይሆንለታል።

የተበላሸውን ቺፕ ለመጠገን በሙቅ አየር መጥበስ ለምን እንደማያዛልቅም ከዚሁ ይገባናል። በእነዚህ ቺፖች ውስጥ ያለው ዓይነት አብዛኛው እርሳስ የሆነ ብየዳ የሚቀልጠው ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ጠጋኙ እዚያ አይደርስም። ስክሪኑ ተመልሶ ቢበራ የተሰነጠቁት ገጾች ለጊዜው ስለተነካኩ ነው።

የዴመርጂያን ቁጣ ግን ዘገባውን ጎድቶታል። የኤንቪዲያ ጂ84 እና ጂ86 ቺፖች በሙሉ ብልሹ ናቸው የሚለው ፍርድ በአብዛኛው ስማቸው ባልተጠቀሰ ምንጮች ላይ የቆመ ነው፤ እኔ ለዚያ ያህል ድምዳሜ አይበቃም እላለሁ። በዲሴምበር አዲስ ማክቡክ ፕሮ ተፈትቶ ቺፑ ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መታየቱ በእርግጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ወሬውን ወደ ማስረጃ አሳድጎታል። ሆኖም ድምዳሜው በብየዳው ቁስ ላይ አመዘነ። ኤንቪዲያ በበኩሉ ወሳኙ የብየዳውና የሙጫው ጥምረት ነው ሲል መለሰ። በዚህ ነጥብ ለኩባንያው መልስ አደላለሁ፤ ምክንያቱም የዘገባው ምርጥ ክፍል ራሱ ያስተማረን ሁለቱን አንድ ላይ እንድናይ ነው።

ሌላው ጉድለት ይበልጥ ያሳዝነኛል። ጥፋተኛው ተፈልጎ ሲገኝ፣ ላፕቶፑን ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ተረሳ። አቧራውን ማጥራት፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት መቀየር፣ ፋኑ ከባድ ሥራ ሳይጠብቅ እንዲሽከረከር ማድረግ፣ ማሽኑን በየሰዓቱ ከማጥፋትና ከመክፈት መቆጠብ፦ እነዚህ ሁሉ ከብየዳው ትንተና በቀጥታ የሚወጡ ምክሮች ናቸው፤ ስንጥቁን ያዘገዩታል እንጂ አንዴ የተሰነጠቀውን አይመልሱም።