ስለ አንድ የኀዘን መጽሐፍ

ሰው ለሞተበት ወዳጃችን የምንናገረው ቃል ብዙ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር የሚያስተምር አንድ ትንሽ መጽሐፍ አንብቤ አስተያየቴን ለወጣት አንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ሚስቱ ጆይ ዴቪድማን በካንሰር ሞተችበት። እርሱም በቤቱ ባገኛቸው ባዶ ደብተሮች የልቡን ጻፈ። ጽሑፉ በ1961 ሲታተም በራሱ ስም አልወጣም፤ ኤን. ደብልዩ. ክላርክ የሚል የብዕር ስም ነበረው።

የመጽሐፉ ብርታት እውነተኛነቱ ነው። ሉዊስ በ1940 ስለ መከራ መጽሐፍ ጽፎ ሌሎችን ያስረዳ ሰው ነበር። መከራው ከራሱ ቤት ሲገባ ግን ያንኑ መልስ አልደገመም፤ በእግዚአብሔር ላይ ያጕረመረመውን እንኳ አልደበቀም። ደግሞም ኀዘን እንደ ረዥም መንገድ መሆኑን፥ አለፈ ያሉት ሕመም ዞሮ እንደሚመጣ ያሳያል። «ጠንካራ ሰው ቶሎ ይረሳል» ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ጕድለቱ ግን አጽናኝ የሌለበት መሆኑ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ሲያገኙት የሚሉት ይጠፋቸዋል፤ ስለ እናታቸው ሊያነሣ ሲሞክር ልጆቹ እንኳ ይሳቀቃሉ። ስለዚህ መጽሐፉ የኀዘንተኛውን ልብ ሲያሳይ ኀዘንን መካፈልን አያሳይም። በእኛ አገር እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ አልቃሽ የሟቹን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም።

ይሁን እንጂ በዚህ አንመካ። ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። የሟቹ መቀመጫ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ግን ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እኛም እንደ ሉዊስ ወዳጆች አፋችን ይያዛል፤ ኀዘንተኛዋ ብታለቅስ «በቃሽ፥ እግዜርን ታስቀይሚያለሽ» ብለን እንገሥጻታለን። ለቅሶን ለቀን ቈጥረን እንሰጠዋለን፤ ኀዘን ግን ቀን አይቈጥርም።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፥ ለቅሶ መድረስህ መልካም ነው፤ አርባው ካለፈ በኋላ ደጇን ማንኳኳትህ ግን ይበልጣል። የሟቹን ስም ለማንሣት አትፍራ፤ እርሷ አልረሳችውምና አንተ አታስታውሳትም። ብታለቅስም ዝም ብለህ ከአጠገቧ ተቀመጥ። ምክር ባይኖርህ ግድ የለም፤ እርሷ የምትሻው የሚሰማት ሰው ነው።